«ከፈን»ን ከነመንደሩ ማንበብ

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «የሥነ ጽሑፍ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ። ፕሬምቻንድ የተባለው የሂንዲ ደራሲ የጻፈውን ‹ከፈን› የተሰኘ አጭር ልቦለድ በእንግሊዝኛ ትርጉም አንብቤ በጣም ነካኝ። ስለ ደራሲው የተጻፈውን ሳገላብጥ ግን ግራ ገባኝ። አንዱ የድሆች ጠበቃ ይለዋል፤ ሌላው ዳሊቶች፣ ማለትም ‹አይነኬ› ተብለው የተገለሉት ወገኖች፣ መጽሐፉን አደባባይ አውጥተው አቃጠሉት ይላል። ማንን ልመን? ምሁራኑስ የሂንዲን ሥነ ጽሑፍ ከማኅበረሰቡ ጋር አያይዘው የሚያጠኑት እንዴት ነው? ‹ሥነ ጽሑፍ የማኅበረሰብ መስታወት ነው› ከሚለው ያለፈ መንገድ አለ? ሂንዲ ሳላውቅስ በዚህ ላይ መመረቂያ ጽሑፍ መሥራት እችላለሁ?»

መልሴን ከፊት ላስቀምጠው። ከሁለቱ ወገኖች አንዱን መምረጥ አይጠበቅብዎትም፤ «ሁሉም የየራሱ አስተያየት አለው» ብሎ ማለፍም ግን ሽሽት ነው። ድርሰቱን ማን ጻፈው፣ ስለ ማን ጻፈ፣ ለማን ጻፈ፣ በየትኛው ፊደልና በየትኛው መጽሔት ላይ ወጣ ብለው ሲጠይቁ የጥብቅናውም የቅሬታውም ምንጭ እዚያው ጽሑፉ ውስጥ፣ አንዳንዴም በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ተቀምጦ ያገኙታል። ስለዚህ ንድፈ ሐሳብ ከምደረድር ባነበቡት ታሪክ ላይ ልቆይ። ዓመታቱን ሁሉ የምጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ታሪኩን ላላነበቡ ሰዎች ባጭሩ ላስታውስ። በክረምት ሌሊት አባትና ልጅ፣ ጊሱና ማዳቭ፣ ከጎጇቸው ደጃፍ የከሰመ እሳት ከበው ተቀምጠዋል። ከሰው ማሳ የሰረቁትን ድንች ከረመጡ እያወጡ ይበላሉ። ከውስጥ የማዳቭ ሚስት ቡዲያ ምጥ ይዟት ትጮኻለች። ማዳቭ ገብቶ አያያትም፤ እሱ ሲነሣ አባቱ ድንቹን እንዳይጨርስበት ይፈራል። ሲነጋ ሴትየዋ ሞታ ትገኛለች። አባትና ልጅ እያለቀሱ ባለርስቱ ዘንድ ይሄዳሉ፤ ባለርስቱ በንቀት ሁለት ሩፒ ይወረውርላቸዋል፤ ከመንደሩም ለምነው አምስት ሩፒ ያህል ይሞላላቸዋል። መግነዝ ሊገዙ ገበያ ይወጣሉ፤ ከጨርቅ ሱቅ ጨርቅ ሱቅ ሲዞሩ ይመሽና እግራቸው አረቄ ቤት ያደርሳቸዋል። በሕይወት ሳለች ገላዋን የምትሸፍንበት ቡቱቶ ያላገኘች ሴት ስትሞት አዲስ መግነዝ ያስፈልጋታል የሚለው ልማድ ምን ዓይነት ክፉ ልማድ ነው እያሉ ገንዘቡን በመጠጥ፣ በተጠበሰ ዓሣና በፑሪ፣ ማለትም በቅቤ በተጠበሰ ቂጣ፣ ይጨርሱታል። በመጨረሻ እየዘፈኑና እየጨፈሩ ሰክረው ይወድቃሉ።

ደራሲው በ1880 ከባናራስ አጠገብ ላምሂ በምትባል መንደር የተወለደ ሲሆን ትክክለኛ ስሙ ዳንፓት ራይ ነው። በጽሕፈትና በመዝገብ ሥራ ከሚታወቀው የካያስታ ካስት፣ ማለትም በትውልድ ከሚወረስ የማኅበረሰብ መደብ፣ ወገን ነበር። አባቱ የፖስታ ቤት ጸሐፊ ነበሩ፤ እሱ ራሱ መምህርና የትምህርት ቤቶች ተቆጣጣሪ ሆኖ ሠርቷል፤ በ1921 የጋንዲን ጥሪ ተከትሎ የመንግሥት ሥራውን ለቀቀ። ፕሬምቻንድ የሚለውን የብዕር ስም የያዘው በ1908 በኡርዱ ያሳተመው የአጫጭር ልቦለዶች መድበል በእንግሊዝ ሹማምንት ተይዞ ከተቃጠለ በኋላ ነው። የዚህ ሰው መጻሕፍት እንግዲህ ሁለት ጊዜ እሳት ገብተዋል፤ መጀመሪያ በቅኝ ገዥው፣ ዘጠና ዓመት ያህል ቆይቶ ደግሞ እሱ ጠበቃቸው ነው በተባሉት ሰዎች እጅ።

በሚያዝያ 1936 ላክናው ላይ የተራማጅ ጸሐፍት ማኅበር የመጀመሪያ ጉባኤ ሲካሄድ በሊቀመንበርነት ንግግር ያደረገው እሱ ነበር። በዚያው ዓመት ጥቅምት ወር ዐረፈ። ግራ ዘመም ሃያስያን ስለዚህ እንደ አባት ያዩታል፤ ከእነሱ ዋነኛው ራምቪላስ ሻርማም በ1952 ስለ ደራሲውና ስለ ዘመኑ ባወጣው መጽሐፍ ፕሬምቻንድን የሰሜን ሕንድ ገበሬ ትግል ጸሐፊ አድርጎ አቁሞታል። ከዚህ ወገን ሆነው «ከፈን»ን ሲያነቡ ዓይንዎ የሚያርፈው ተራኪው ታሪኩን አቋርጦ በሚናገርበት ቦታ ላይ ነው። ሌት ተቀን የሚደክሙት ገበሬዎች ኑሮ ከእነዚህ ሁለት ሰነፎች ኑሮ ብዙም በማይሻልበት፣ የገበሬውን ድካም የሚጠቀሙበት ደግሞ በሚከብሩበት ማኅበረሰብ ውስጥ እንዲህ ያለ አስተሳሰብ ቢፈጠር አይገርምም ይላል። እንዲያውም ጊሱ ከገበሬዎቹ ይልቅ አስተዋይ ነው ይለናል። ስንፍናው የባሕርይ ጉድለት መሆኑ ይቀርና ላብ የማይከፈልበትን ሥርዓት የተረዳ ሰው ውሳኔ ይሆናል። ይህ ንባብ ጠንካራ ነው። ዛሬ አርጅቷል ብለው የሚተዉት አሉ፤ እኔ አልተወውም፤ ያንን አንቀጽ ያለ እሱ ማስረዳት አይቻልምና።

ነገር ግን ከዚያ አንቀጽ ቀደም ብሎ አንድ አጭር ዓረፍተ ነገር አለ። ቤተሰቡ የቻማሮች ቤተሰብ እንደሆነና በመንደሩ ሁሉ ስሙ የጠፋ እንደሆነ ይናገራል። ቻማር በሰሜን ሕንድ የሞተ ከብት ቆዳ በመግፈፍና በመፋቅ ሥራ የተፈረጀ፣ «አይነኬ» ተብሎ የተገለለ ካስት ስም ነው፤ ዛሬ በስድብነት መጠቀሙ በሕግ ያስጠይቃል። የዳሊት ሃያስያን ጥያቄ ከዚህ ይነሣል። የመንደሩን ከባድ የእርሻ ጉልበት ሥራ የሚሸከሙት ቻማሮች ሆነው ሳለ በሂንዲ ሥነ ጽሑፍ እጅግ ዝነኛ የሆኑት ሰነፎች ለምን ቻማር ሆኑ? ድህነት ሰውን እንዴት እንደሚያደነድን ለማሳየት የካስት ስም መጥራት ለምን አስፈለገ? ከዚህም የጠለቀ ሌላ ጥያቄ አላቸው። በሰሜን ሕንድ መንደሮች ማዋለድና እትብት መቁረጥ የእነዚሁ «አይነኬ» የሚባሉ ሴቶች ሥራ ነበር፤ የላይኞቹ ካስቶች የወሊድ ደም ያረክሳል ብለው ስለሚያምኑ። የሌላውን ልጅ ሁሉ የሚያዋልዱት እነሱ ሆነው ሳለ የራሳቸው ወገን ስታምጥ ሌሊቱን ሙሉ አንዲት ሴት እንኳ አትመጣም? በታሪኩ ውስጥ የመንደሩ ሴቶች ብቅ የሚሉት ቡዲያ ከሞተች በኋላ፣ አስከሬኗን አይተው ሊያለቅሱላት ነው። ደራሲው ሴቶቹን ከሌሊቱ ባያወጣቸው ኖሮ ታሪኩ አይሠራም ነበር።

ይህ «ታሪኩ ከእውነታው ይጣረሳል» ከሚል ተራ ትችት ይለያል። የአንድን ሰፈር ሕይወት ከውስጥ የሚያውቅ ሰው የትረካው ስፌት የት ላይ እንደሆነ እያሳየ ነው። ማኅበራዊ ዐውድ ማለት እኔ በዚህ ነው የምረዳው፤ የመንደሩን ወግ ማወቅ የልቦለዱን አሠራር ይገልጥልናል።

ያነበቡት የመጽሐፍ ቃጠሎ የተፈጸመው ሐምሌ 31 ቀን 2004፣ በደራሲው የልደት ቀን፣ ዴልሂ ውስጥ ነው። ያቃጠሉት የሕንድ ዳሊት ሥነ ጽሑፍ አካዳሚ አባላት ሲሆኑ የተቃጠለውም «ራንግቡሚ» የተባለው ረጅም ልቦለድ ነበር። መጽሐፉ ያኔ ለ12ኛ ክፍል የሂንዲ ትምህርት ተመርጦ ነበር። የዋናው ገጸ ባሕርይ፣ የዓይነ ስውሩ ለማኝ የሱርዳስ፣ ካስት እየተደጋገመ መጠራቱ በክፍል ውስጥ ያንን የሚያነብን የዳሊት ልጅ ምን ላይ ይጥለዋል የሚል ነበር ክርክሩ። መጽሐፍ ማቃጠልን አልደግፍም። ሆኖም ክርክሩ በትምህርት ቤት ወንበር ላይ ስለተቀመጠ አንባቢ መሆኑን ልብ ይበሉ። ሱርዳስ በልቦለዱ ውስጥ ለመሬቱ የሚታገል የተከበረ ሰው ነው፤ ስለዚህ ብዙ የሂንዲ ምሁራን ተቃውሞውን «ደራሲውን አለማንበብ ነው» ብለው አጣጣሉት። ጥያቄው ግን ገጸ ባሕርዩ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ የሚል አልነበረም፤ መምህሩ ያንን ስም ጮክ ብሎ ሲያነብ የክፍሉ ዓይን ወደ ማን ይዞራል የሚል ነበር። በጊዜው ለዚህ በቂ መልስ የሰጠ አልነበረም ብዬ አምናለሁ።

በሌላ በኩል ሁሉም የዳሊት ሂስ እኩል ክብደት የለውም። ዳራምቪር የተባለው ሃያሲ በ2005 ፕሬምቻንድን «የባላባቱ ጸሐፊ» ብሎ በሰየመበት መጽሐፉ ቡዲያ ያረገዘችው ከባለርስቱ ወገን ነው፣ የአባትና የልጁም ግዴለሽነት ከዚህ የመጣ ነው እስከማለት ደርሷል። ለዚህ በጽሑፉ ውስጥ አንድም ማስረጃ የለም። አስተሳሰቡን አጥብቀው የተቃወሙት ደግሞ የዳሊት ሴት ጸሐፍትና ሃያስያን ናቸው፤ ሁለቱን ወንዶች ነጻ ለማውጣት ሟቿን ሴት መክሰስ ሆኖ አገኙት። ቡዲያ በሕይወት ሳለች በታሪኩ ውስጥ አንድ ቃል አትናገርም፤ ጩኸቷ ብቻ ይሰማል። ግራ ዘመሙ ሃያሲ በእሷ ሞት ሥርዓቱን ከሰሰ፤ ዳራምቪር በእሷ ማሕፀን ባለርስቱን ከሰሰ፤ ስለ እሷ ስለራሷ የጠየቁት ሴቶቹ ሆኑ። ቻሩ ጉፕታ በ2016 የካስትን ጾታዊ ገጽታ ባጠናችበት መጽሐፏ በቅኝ ግዛት ዘመን በሂንዲ የታተሙ ጽሑፎችና ሥዕሎች የዳሊት ሴቶችን እንዴት እንዳቀረቡ ትመረምራለች፤ ቡዲያ ዝም ያለችው በአንድ ደራሲ ብዕር ብቻ አለመሆኑን ለማየት ይረዳል።

አሁን ወደ ኅትመቱ ልምጣ፤ ተማሪዎች ብዙውን ጊዜ የሚዘሉት ይህን ነው። «ከፈን» መጀመሪያ የወጣው በኡርዱ፣ «ጃሚያ» በተባለ የዴልሂ መጽሔት ላይ በታኅሣሥ 1935 ነው። በሂንዲ የወጣው በሚያዝያ 1936 «ቻንድ» ላይ ነው። «ቻንድ» በ1922 አላሃባድ ውስጥ ለሴቶች ተብሎ የተጀመረ መጽሔት ነበር። በ1927 «አይነኬ» ስለሚባሉት ሰዎች ልዩ እትም አውጥቷል፤ በ1928 ስለ ስቅላት ቅጣት ያወጣው ልዩ እትም ደግሞ በመንግሥት ታግዷል። ስለ ሴቶች ትምህርት፣ ስለ መበለቶች ጋብቻና ስለ ቤት አያያዝ የሚያነቡ፣ በአብዛኛው ከላይኞቹ ካስቶች የሆኑ የከተማ ቤተሰቦች ናቸው መጽሔቱን የሚገዙት። አንዲት ሴት ያለ ረዳት በምጥ ስትሞት የሚያሳይ ታሪክ እጃቸው የገባው በዚህ መጽሔት ነው።

ይህን ይዘው ወደዚያች አጭር ዓረፍተ ነገር ይመለሱ። «የቻማሮች ቤተሰብ ነበር» የሚለውን ለማን ነው የሚናገረው? የመንደሩ ሰው ያውቀዋል፤ ጊሱና ማዳቭም ያውቁታል። መረጃው የሚያስፈልገው አላሃባድ ወይም ላክናው ውስጥ መጽሔቱን ገልጦ ለተቀመጠው እንግዳ ሰው ነው። ተራኪው በሁለቱ ሰዎች ራስ ላይ አሻግሮ ከዚያ አንባቢ ጋር ይነጋገራል። ዳሊት የሆነ ሰው ይህንን መጽሔት ያነባል የሚል ግምት በዓረፍተ ነገሩ አሠራር ውስጥ የለም። ከ70 ዓመት በኋላ ያ ያልታሰበው አንባቢ መጥቶ አነበበው፤ ጠቡም የተነሣው ያኔ ነው።

እንዲህ ያለ ጥናት ፈር የያዘው በተለይ በፍራንቼስካ ኦርሲኒ ሥራ ነው። በ2002 በወጣው መጽሐፏ ከ1920 እስከ 1940 የነበረውን የሂንዲ የአደባባይ መድረክ ስታጠና ልቦለድና ግጥም ብቻ አላነበበችም፤ መጽሔቶቹን፣ የትምህርት ቤት መጻሕፍቱን፣ የጸሐፍት ማኅበራቱን፣ የአዘጋጆቹን ጠብ ሁሉ አንድ ላይ አየች። ኡልሪከ ሽታርክ ደግሞ በ1858 ላክናው ውስጥ የተቋቋመውን የናቫል ኪሾር ማተሚያ ቤት አጥንታለች፤ አንድ የሂንዱ ነጋዴ ቁርዓንም የሂንዱ ቅዱሳት መጻሕፍትም ያሳተመበት ቤት ነው። ሥነ ጽሑፍን በሃይማኖት ከፍሎ ለሚያስብ ሰው ይህ ማተሚያ ቤት ብቻውን ትልቅ መልስ ነው።

ታሪኩ ሁለት ጊዜ፣ በሁለት ፊደል መውጣቱም ተራ ነገር አይደለም። ሂንዲና ኡርዱ የጋራ ሰዋስው ያላቸው ሲሆኑ አንዱ በዴቫናጋሪ፣ ሌላው በፋርስ ፊደል ይጻፋል፤ ከፍ ባለው ጽሕፈት ደግሞ አንዱ ከሳንስክሪት፣ ሌላው ከፋርስኛና ከዐረብኛ ይበደራል። በ19ኛው መቶ ዘመን ባናራስ፣ አላሃባድና ላክናው ባሉበት ግዛት የፍርድ ቤት ፊደል የፋርሱ ነበር፤ ስለዚህ ለመንግሥት ሥራ የሚበቃው እሱን የተማረ ነው። በ1893 ባናራስ ውስጥ የናጋሪ (የዴቫናጋሪ ፊደል) ማስፋፊያ ማኅበር ተቋቋመ፤ በ1900 የግዛቱ ገዥ ናጋሪም በፍርድ ቤት እንዲፈቀድ አዘዙ። ክሪስቶፈር ኪንግ ይህን የፊደል ፖለቲካ ሲያጠና ከጀርባው የሥራ ቅጥር ጥያቄ እንዳለ አሳይቷል። ፕሬምቻንድ ራሱ በኡርዱ ጀምሮ ወደ ሂንዲ የተሻገረ ሰው ነው። ስለ ባናራስ አዝማሪ ሴቶች የጻፈውን የመጀመሪያ ዝነኛ ልቦለዱን በኡርዱ ቢጽፈውም ቀድሞ የታተመው በሂንዲ ነው፤ የኡርዱው ቅጂ አሳታሚ ያገኘው ከዓመታት በኋላ ነበር። የሂንዲ ገበያ እየሰፋ ነበር፤ ደራሲው ደግሞ ቤተሰብ የሚያስተዳድር ሰው ነው። አሎክ ራይ፣ የፕሬምቻንድ የልጅ ልጅ፣ በ2001 ባወጣው መጽሐፍ የተለመደው የሕዝብ ቋንቋ በሳንስክሪት እየተጫነ «ንጹሕ» ሂንዲ እንዲሆን የተደረገው በላይኞቹ ካስቶች ፍላጎት መሆኑን ተከራክሯል።

«ሂንዲ» የሚለው ስም ራሱ ምን ያህል ሰፊ ድንኳን እንደሆነም ይወቁ። በ2011 የሕዝብ ቆጠራ 528 ሚሊዮን ያህል ሰው፣ ከሕንድ ሕዝብ 43.6 በመቶ፣ አፍ መፍቻው ሂንዲ ተብሎ ተመዝግቧል፤ በዚህ ቁጥር ውስጥ ግን 50 ሚሊዮን ያህሉ አፍ መፍቻችን ቦጅፑሪ ነው ያሉ ናቸው። በ16ኛው መቶ ዘመን በአቫዲ ቋንቋ የተጻፉት ታላላቅ ግጥሞች በትምህርት ቤት የሂንዲ ሥነ ጽሑፍ ተብለው ይማራሉ፤ የዛሬው መደበኛ ሂንዲ ግን የበቀለው ከዴልሂ አካባቢ ንግግር ነው።

ስለ መስታወቱ የጠየቁት ከዚህ ጋር ይገናኛል። አባባሉ በሂንዲም አለ፤ ከ1903 ጀምሮ «ሳራስዋቲ» የተባለውን መጽሔት ካዘጋጀው ከማሃቪር ፕራሳድ ድዊቬዲ ጋር ተያይዞ ይጠቀሳል። ራምቻንድራ ሹክላ በ1929 ያወጣው የሂንዲ ሥነ ጽሑፍ ታሪክም የሚጀምረው የአንድ አገር ሥነ ጽሑፍ የሕዝቡ አእምሮ ዝንባሌ የተጠራቀመ ነጸብራቅ ነው በሚል ነው። የሹክላ መጽሐፍ እስከ ዛሬ የትምህርቱ መሠረት ነው፤ ለዘመኑም ትልቅ እርምጃ ነበር። ችግሩ «ሕዝቡ» ማን ነው የሚለው ላይ ነው። ሹክላ ሙስሊሙን የአቫዲ ገጣሚ ጃያሲን እጅግ ያከበረ ሰው ነው፤ የባናራሱን ሸማኔ ገጣሚ ካቢርን ግን ቀለል አድርጎ አለፈው። በ1942 ሀዛሪ ፕራሳድ ድዊቬዲ ስለ ካቢር ሙሉ መጽሐፍ ጽፎ ሸማኔውን ከታላላቆቹ ተርታ አስቀመጠው። በ1997 ደግሞ ያው ዳራምቪር ድዊቬዲን ራሱን ከሰሰ፤ ካቢርን የብራህሚን፣ የላይኛው የካህናት ካስት ሰው፣ ደቀ መዝሙር አድርገህ ወስደህብናል አለ። በ2009 ፑሩሾታም አግራዋል ሰፊ መልስ ሰጠ። አራት ሃያስያን በአንድ ሸማኔ ላይ ሲከራከሩ አንድ ጊዜም ቢሆን ስለ ግጥሙ ውበት ብቻ አልተከራከሩም።

ይህን የጠቀስሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ጊሱና ማዳቭ ሰክረው ሲወድቁ አፋቸው ላይ ያለው ዘፈን በካቢር ስም የሚዘመር ነው፤ ዓይኗን ብልጭ እያደረገች የምታማልል አታላይን ይናገራል፤ አታላይዋ ማያ፣ የዚህ ዓለም ማታለያ ናት። ፕሬምቻንድ በሁለቱ «አይነኬዎች» አፍ ያኖረው የዝቅተኞቹን ገጣሚ ነው። ስካር ነው ወይስ ፍልስፍና? በካቢር ላይ ያለውን ክርክር የሚያውቅ አንባቢ ይህንን መጨረሻ እንደ ቀልድ ብቻ ሊያነበው አይችልም።

አሁን ለመመረቂያ ጽሑፍዎ የሚበጅ ወደሚመስለኝ ልምጣ። ጊሱ ድንቹን እየበላ ከሃያ ዓመት በፊት ያየውን የአንድ ባላባት ሠርግ ያስታውሳል። በንጹሕ ቅቤ የተጠበሰ ፑሪ፣ አትክልቱ፣ እርጎው፣ ጣፋጩ፤ ትልቅ ትንሽ ሳይባል ሁሉም በላ፤ በቃኝ እያላቸው እንኳ አስተናጋጆቹ ትኩስ ትኩሱን ይጨምሩለት ነበር። አረቄ ቤቱ ውስጥ ደግሞ ጠግበው ሲያበቁ ማዳቭ የተረፈውን ፑሪ በረሃብ ዓይን ሲያያቸው ለቆመ ለማኝ ይሰጣል፤ ተራኪውም የመስጠትን ኩራትና ደስታ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀመሰ ይለናል።

ከዚህ ጎን የኦምፕራካሽ ቫልሚኪን የሕይወት ታሪክ ያስቀምጡ። ቫልሚኪ በ1950 በሙዛፋርናጋር ወረዳ ባርላ በምትባል መንደር፣ በጽዳት ሥራ ከተፈረጀ የዳሊት ቤተሰብ ተወለደ፤ በ1997 የወጣው መጽሐፉ «ጁታን» ይባላል፤ ከሌላ ሰው ሳህን የተረፈ ትርፍራፊ ማለት ነው። እዚያም ሠርግ አለ። እናቱና አባቱ ለቀናት ሲሠሩ ሰንብተው እናቱ ከልጆቿ ጋር ቅርጫት ይዛ ከደጅ ተቀምጣለች። የሙሽራው ወገን በልቶ ሲያበቃ ለልጆቿ ከዋናው ምግብ ጥቂት እንዲሰጧት ትለምናለች። የሙሽራዋ አባት በትርፍራፊ የተሞላውን ቅርጫት እያሳየ ይህ አይበቃሽም ወይ፣ ቦታሽን እወቂ ይላታል። እናቲቱ ቅርጫቱን እዚያው ትደፋዋለች፤ አንሥተህ ነገ ለሙሽራው አጃቢዎች ቁርስ አብላቸው ብላው ልጆቿን ይዛ ትወጣለች። ከዚያ ቀን በኋላ ወደዚያ ደጃፍ አልተመለሰችም፤ ትርፍራፊ መቀበልም ቆመ።

ሁለቱን ግብዣዎች አንድ ላይ ያንብቧቸው። በአንዱ «አይነኬው» ከማዕዱ ተቀምጦ እንቢ እያለ ይጨመርለታል፤ በሌላው ከደጅ ተቀምጦ ለምኖ ይዋረዳል። በአንዱ ትርፍራፊ መስጠት ክብር ይሆናል፤ በሌላው ትርፍራፊ መድፋት ክብር ይሆናል። ፕሬምቻንድ የራብን ሕልም በሚያስገርም ጥልቀት አይቷል፤ የጊሱ ትዝታ የምግብ ሽታ ያለው ገጽ ነው። ያላየው ሕልሙ በየትኛው ደጃፍ እንደሚቋረጥ ነው። ደራሲው የሰጪውን እጅ ከውስጥ ያውቀዋል፣ ቫልሚኪ የተቀባዩን። ሁለቱን ለየብቻ ከተጻፈላቸው ሂስ ይልቅ እነዚህ ገጾች ጎን ለጎን ሲነበቡ የሚሉት ይበልጣል፤ ጥሩ ምዕራፍ ይወጣዋል።

አንድ ነገር ግን ይጠንቀቁ። የዳሊት ጽሑፍ በ«ጁታን» ጀመረ ብለው እንዳይጽፉ። በመስከረም 1914 «ሳራስዋቲ» ላይ በሂራ ዶም ስም «የአይነኬው አቤቱታ» የሚል የቦጅፑሪ ግጥም ወጥቷል፤ ሌሎችን ሁሉ ያዳንህ አምላክ እኛን መንካት ፈራህ ወይ እያለ እግዚአብሔርን ይሞግታል። ስዋሚ አቹታናንድ ካንፑር ላይ ጋዜጣና ግጥም ያሳትም ነበር። ላክናው ውስጥ ቻንድሪካ ፕራሳድ ጂጊያሱ ለዚሁ ዓላማ ማተሚያ አቋቁሟል። የታሪክ ምሁሩ ባድሪ ናራያን በዓውደ ርእይና በፖለቲካ ስብሰባ ላይ በሳንቲም የሚሸጡ የዳሊት ትንንሽ መጻሕፍትን ሰብስቦ አጥንቷል። እነዚህ በዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ ስላልነበሩ ነው ሃያስያን ለረጅም ጊዜ የለም ያሉት።

ስለ ቋንቋው ላለመዋሸት፣ ሂንዲ ሳያውቁ ስለ ደራሲው አጻጻፍ የሚሰጡት ማንኛውም ድምዳሜ የተርጓሚው አጻጻፍ ይሆናል። ትርጉም መጀመሪያ የሚያጠፋው የንግግርን ደረጃ ነው፤ ማን ማንን እንዴት እንደጠራ፣ የትኛው ቃል የመንደር፣ የትኛው የችሎት እንደሆነ። ካስት ደግሞ ከሁሉ በፊት የሚሰማው እዚያ ላይ ነው። ስለዚህ ርዕስዎን በአጻጻፉ ላይ ሳይሆን በአቀባበሉ ላይ ያድርጉት፤ ታሪኩ ማን ዘንድ እንዴት እንደተነበበ በትርጉምም በጥናትም በቂ ማስረጃ አለ። «ከፈን» ቢያንስ በሁለት ትርጉሞች ይነበብ፤ አንዱ ከኡርዱው፣ አንዱ ከሂንዲው የተተረጎመ ይሁን፤ ልዩነቶቹን በሰንጠረዥ ያውጡ። ከዚያ «ጁታን»ን፣ ከዚያ ኦርሲኒን፣ ከዚያ ቻሩ ጉፕታን ያንብቡ፤ ስለ ዳሊት ልቦለድ ንባብ የቶራል ጋጃራዋላ የ2013 መጽሐፍና የላውራ ብሩክ የ2014 ጥናት ይጠቅሙዎታል። ፊደሉን ግን ከአሁኑ ይጀምሩ። ዴቫናጋሪም እንደ እኛ ፊደል ተነባቢው ላይ ምልክት እየቀጠለ ድምፁን ስለሚለውጥ ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ አይሆንም፤ «ቻማር» የሚለው ቃል በታሪኩ ገጽ ላይ የት እንዳለ በራስዎ ዓይን መፈለግ ለመጀመሪያ ሳምንት ልምምድ ጥሩ ሥራ ነው።